ልቤ ሳይፈቅድ ባመሰግን ግብዝነት አይሆንብኝም?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እንዳልልዎት፣ የምጽፍልዎት ይህን ቃል ከልቤ ማለት ስላቃተኝ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። አነስተኛ ሱቅና አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። እናቴ የዛሬ 10 ዓመት ገደማ ድንገት ወድቃ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ከአራት ልጆቿ አጠገቧ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ እህቴ ውጭ አገር፣ ታናሻችን ባሕር ዳር ነው። ሳጥባት፣ ስመግባት፣ ሌሊት ሳገላብጣት 9 ዓመት ሄደ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሰፈሩ ሲሸሽ «እርሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ብዬ በር ዘግተን ተቀመጥን፤ ሱቄ ያን ጊዜ ተዘረፈ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ እንድሄድ ሙስሊም ጎረቤታችን ትቀመጥላት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እናቴ መናገርም አቁማ ነበር፤ እጄን ጨበጥ ታደርገኝ ነበር እንጂ።

አምና ዐረፈች። በአርባዋ ተዝካር ላይ ወንድሜ ድንኳን መሐል ተነሥቶ፣ «እናታችን እስከ መጨረሻዋ ምንም ሳይጎድልባት የኖረችው በእህታችን ነው» ብሎ ውጭ አገር ያለችውን አመሰገነ። ሰዉም «ይባርካት» አለ። እኔ ጓዳ ወጥ እያወጣሁ ነበር። ጭልፋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ስሜ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ ልቤ ሌላ ሆነ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዘመርኩበትን ሰንበት ትምህርት ቤት ተውኩት። እናቴ ሳትታመም በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን እወጣ ነበር፤ ዘንድሮ ልሄድ ብል እግሬ አልነሣ አለኝ። አሁን ደግሞ ወንድሜ «የእናታችን ቤት ይሸጥ» ይላል። የምኖረው እዚያ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተናገርኩትም፤ ራሱ ሊያውቀው ይገባል ብዬ። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ አመስግኚ» ይሉኛል። ልቤ ሳይፈቅድ በአፌ ባመሰግን እግዚአብሔርን መዋሸት አይሆንብኝም? ልጄም በቀደም ዕለት «አንቺ ስታረጂ እኔ እንዳንቺ ሞኝ አልሆንም» አለችኝ፤ ስቄ አለፍኩት። ምን ይመክሩኛል?

ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦

እህቴ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር የእናትሽን ነፍስ ይማርልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ድንኳን የተደረገው ልክ አልነበረም። ወንድምሽ ክፉ አስቦ ይሁን ሳያስተውል፣ የእናታችሁ ተዝካር ላይ የአስታማሚዋ ስም አለመነሣቱ በደል ነው። ይህን በግልጽ የምጽፈው ብዙ ሰው «ተይው፣ ምን ይሆንልሻል» ሲልሽ እንደከረመ ስለምገምት ነው። የንስሐ አባትሽ «አመስግኚ» ሲሉሽ ለነፍስሽ አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ሰው ሐዘኑን ተናግሮ ሳይጨርስ የሚሰጠው ይህ ምክር ብዙ ጊዜ አፍ ያስይዛል እንጂ አያጽናናም። በእኛ በወሎ ደግሞ ሌላም የተለመደ ነገር አለ፤ «የሰባ ሰባቱ ሰው በባዶ ሆዱ ያመሰግን ነበር» ይባላል። እውነት ነው፣ አመስግነዋል። የእነርሱን ረሃብ ግን አንቺን ለማሳፈር አልጠራውም። እነዚያ ሰዎች ያመሰገኑት እየተንሰቀሰቁ፣ የሞተባቸውን እየቀበሩ ነው። ልቅሶአቸውን የከለከላቸው አልነበረም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ልብ ሳይፈቅድ በአፍ ማመስገን ውሸት ነው ወይ ብለሻል። የዚህን መልስ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ እንዳለበት ያስታመመ ሁሉ ያውቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንቅልፉ አልለቅ ሲልሽ፣ ወገብሽ ሲቆረጥ፣ ነገ ሱቅ መክፈት እንዳለብሽ ስታስቢ፣ ፍቅር ውስጥሽን ሞልቶት ነበር የምትነሺው? አይመስለኝም። አንዳንዱን ሌሊት ተናደሽ፣ አንዳንዱን ሌሊት አልቅሰሽ፣ አብዛኛውን ግን ምንም ሳይሰማሽ ነው የተነሣሽው። ሆኖም ተነሣሽ። አንሶላውን አስተካከልሽ፣ ጀርባዋን አበስሽ፣ ትራሱን በጉልበቶቿ መካከል አደረግሽ። ያ ግብዝነት ነበር? አንድ ሰው መጥቶ «ፍቅሩ እስኪሰማሽ ድረስ አታገላብጫት፣ አለዚያ ማስመሰል ይሆንብሻል» ቢልሽ ምን ትዪው ነበር? ከቤት ታስወጪው ነበር። ልብሽ ወደ ኋላ በቀረበት ሌሊት ሁሉ ፍቅር በእጅሽ ላይ ነበር። እናትሽ የኖረችው በዚያ ነው።

ምስጋናም እንዲሁ ነው። ግብዝ የሚባለው ሰው አይቶ እንዲያደንቀው የሚያደርግ ነው። ጌታ በተራራው ስብከት የገሠጸውም በየማዕዘኑ ቆመው ለሰው ሊታዩ የሚጸልዩትን ነበር። ማንም በማያይበት ጓዳ፣ በደረቀ ልብ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ምንም አይሰማኝም፤ ቢሆንም አመሰግንሃለሁ» የሚል ሰው ማንን ያታልላል? እግዚአብሔርን? እርሱማ ደረቅነትሽን ካንቺ በፊት ያውቀዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስለምታውቅ ነው ምስጋናን ለስሜታችን ያልተወችው። በቅዳሴ መጀመሪያ አካባቢ የሚጸለየውን ጸሎተ አኮቴት ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽዋል፦ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ።» የምስጋናውን ምክንያት ሲዘረዝር ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱም ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ይላል። ሰዎች አክብረውናልና አይልም። ቤታችን አልተነካብንምና፣ ወንድሞቻችን ውለታችንን አስታውሰዋልና አይልም። እነዚህ ሲኖሩ ደስ ይላል፤ ሳይኖሩም ግን ምክንያቱ አይጎድልም።

ከእነዚያ ቃላት የመጀመሪያው ያንቺን ደጅ ያንኳኳል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ እጅ በነበረችበት ጊዜ አንድ የማትራመድ እናትና አንዲት ትንሽ ልጅ ይዘሽ በር ዘግተሽ ተቀምጠሻል። ሱቅሽ ተዘርፏል፤ ሦስታችሁም ተሰውራችኋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ በእግዚአብሔር ፊት ብትናገሪ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። «ሱቄን አጥቻለሁ፤ እናቴን ከእጄ አልወሰድክብኝም» ብለሽ ጀምሪ። እንዲህ ያለ ምስጋና ውሸት የለበትም፤ በዓይንሽ ያየሽው ነውና።

ስለተደረገብሽ በደል ግን አመስግኚ አልልሽም። ዮሴፍ ወንድሞቹን «ጉድጓድ ስለጣላችሁኝ ተባረኩ» አላላቸውም። «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ነው ያላቸው። ክፉውን ክፉ ብሎ ጠርቶታል።

ቁጣሽንም ቢሆን ከጸሎትሽ ውጭ አታስቀምጪው። ዳዊት ትደግሚ እንደሆነ 72ኛውን መዝሙር አውጥተሽ አንብቢ፤ የአሳፍ ነው። አሳፍ በቤተ መቅደስ የሚዘምር ሰው ነበር፤ እንዳንቺ። ሌሎች ሲመቻቸውና ሲከብሩ አይቶ ቀና፤ «ልቤን ያነጻሁት፣ እጆቼንም በንጽሕና ያጠብኩት በከንቱ ነው» እስከ ማለት ደረሰ። ያንቺ ደብዳቤ ከዚህ የራቀ ነው? ይህ ምሬት ከመጽሐፉ አልተፋቀም፤ ሕዝቡ እንዲጸልይበት ከምስጋናው መዝሙር ጋር ተጠረዘ እንጂ። አሳፍ ነገሩ የተገለጠለት ወደ እግዚአብሔር መቅደስ በገባ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። ቁጣው በርዶለት አይደለም የገባው። እየነደደ ነው የገባው።

አሁን ከበድ ወዳለው ልሂድ። ጠፍቶ ስለተመለሰው ልጅ የሚነገረውን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ታላቁን ወንድም ግን እናልፈዋለን። ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ ከቤት የዘፈን ድምፅ ሰማ። ግብዣው ለእርሱ አልነበረም። ደጅ ቆሞ ቀረ። አንቺ ጭልፋ ይዘሽ ጓዳ እንደቆምሽው። ለአባቱ የተናገረውን ስሚ፦ ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ፤ አንዲት ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም። ልጅ ሆኖ በአባቱ ቤት የኖረባቸው ዓመታት በአንድ ማታ የባርነት ዓመታት ሆኑበት። ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ ከአባቱ ጋር የተቆረሰ እንጀራ፣ ተቆጥሮ ያልተከፈለ ደመወዝ ሆነ።

እህቴ፣ የምፈራልሽ ይህን ነው። ምሬት ከወንድምሽ የሚወስድበት ነገር የለም፤ እርሱ አዲስ አበባ እንቅልፉን ይተኛል። የሚወስደው ያንቺን 9 ዓመት ነው። ባለሱቅ ነሽና የዱቤ ደብተር ታውቂያለሽ። እያንዳንዱን ሌሊት፣ እያንዳንዱን ማንኪያ ሾርባ በወንድምሽ ስም ጽፈሽ ያስቀመጥሽው እንደሆነ፣ ባለዕዳው እርሱ ነው ማለት ነው፤ ያን ሁሉ የሠራሽውም ለእርሱ ነው ማለት ነው። አልነበረም እኮ። የሠራሽው ለእናትሽ ነበር፤ ለእናትሽም የሠራሽው «አባትህንና እናትህን አክብር» ላለው ለእግዚአብሔር ነበር። መናገር ያቃታት እናትሽ እጅሽን ስትጨብጥ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ታውቂ ነበር። በአርባው ቀን ድንኳን ውስጥ በተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር የዚያ ሁሉ ባለቤት ሊቀየር አይገባም።

አባትዮው ለታላቁ ልጅ የመለሰለትን አስተውዪ። ድካሙን አልካደበትም። ወጥቶ ለመነው፣ «ልጄ ሆይ» አለው፣ «አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፤ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» አለው። ወንጌሉ ልጁ ይግባ አይግባ ሳይነግረን እዚያው ያበቃል።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው የልጅሽ ቃል ለእኔ ከወንድምሽ ንግግር ይበልጥ ይከብዳል። «እንዳንቺ ሞኝ አልሆንም» ያለችሽ ልጅ ከ5 ዓመቷ ጀምሮ አያቷ ስትታጠብ ውኃ ያቀበለች ልጅ ናት። ያን ጊዜ ያየችውን እንደ ሞኝነት እንድትቆጥረው ያደረጋት ምንድን ነው? ሥራው አይደለም። ከሥራው በኋላ በቤታችሁ ሲነገር የሰማችው ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 መራራ ሥር እንዳይበቅል ተጠንቀቁ ሲል ምክንያቱን አብሮ ያስቀምጣል፦ ብዙዎች በእርሱ እንዳይረክሱ። ሥሩ ካንዱ ሰው ልብ ወደ ሌላው ይተላለፋል ማለት ነው። ስለዚህ ስቀሽ አትለፊው። አንድ ምሽት አስቀምጫትና ስለ አያቷ አውሪላት፤ ስለ ወንድምሽ አይደለም። ስለሳቃችሁባቸው ቀኖች፣ እናትሽ መናገር ሳትተው ስለመረቀችሽ ምርቃት፣ በጦርነቱ ጊዜ ሦስታችሁ በአንድ ክፍል ስላሳለፋችኋቸው ሌሊቶች። «ሞኝ አልነበርኩም፤ እንደገና ቢሆንም አደርገዋለሁ» ማለት ከቻልሽ በይላት። ገና ካልቻልሽ «ተከፍቼ ስለነበር ነው እንደዚያ ስናገር የሰማሽኝ» በያት። ይህ ለልጅ ይገባታል።

ቀጥሎ የምለው ምናልባት ያላሰብሽው ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ስሟ ያልተነሣ ሌላም ሴት አለች። «እሑድ እሑድ ቅዳሴ እንድሄድ ሙስሊም ጎረቤታችን ትቀመጥላት ነበር» ብለሽ ጽፈሽ ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍሽ። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ለስንት ዓመት ነው የተቀመጠችላት? አንቺ ቁርባን ፊት እንድትቆሚ ይህች ሴት የእሑድ ማለዳዋን ሰጥታለች፤ በረመዳንም ሳይቀር፣ ሌሊት ለስሑር ተነሥታ እንቅልፍ ባላገኘችበት ማለዳ። ቅዳሴ ለእርሷ ምኗም አልነበረም፤ አንቺና እናትሽ ግን ነበራችሁ። በተዝካሩ ቀን ለሙስሊም ጎረቤቶች እንደ አገራችን ደንብ ለብቻ ታርዶ እንደሆነ፣ እርሷም ከዚያ በልታ ምንም ሳትል ወደ ቤቷ ገብታለች። ድንኳን ውስጥ ስሟን ያነሣ አልነበረም። ጓዳ ውስጥም።

ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። ሐዘን ዓይንን ይይዛል። ኑኃሚንም ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ቤተ ልሔም ስትገባ ለአገሯ ሴቶች «በሙላት ወጣሁ፣ እግዚአብሔርም ባዶዬን መለሰኝ» አለቻቸው። ይህን ስትናገር ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር። አገሯን ትታ፣ ያንን ሁሉ መንገድ አብራት የመጣች ሞዓባዊት አጠገቧ ቆማ «ባዶዬን» አለች። መጽሐፉ ኑኃሚንን አይገሥጻትም። ኋላ ግን እነዚያው ሴቶች ምራትሽ ከሰባት ወንዶች ልጆች ትሻልሻለች ብለው ዓይኗን ከፈቱላት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ወንድምሽ ጋ መደወል አይደለም። በዚህ ሳምንት ጎረቤትሽን ቡና ጥሪያት። ጠርተሻት ታውቂ ይሆናል፤ አሁን የምትጠሪያት ግን ውለታዋን በስሙ ጠርተሽ ልታመሰግኚያት ነው። «እናቴን በየእሑዱ ጠብቀሽልኛል፤ ይህን ሳልልሽ ቀረሁ» በያት። ምናልባት «ኧረ ምን አደረግኩና፣ አልሐምዱሊላህ» ትልሽና ነገሩን ታሳንሰዋለች። አንቺ አታሳንሺው። ልጅሽም ትቀመጥና ትስማ። ከዚያ በኋላ ልብሽን ተመልከቺው። ምስጋና ከውስጥ እስኪመነጭ የምትጠብቂው ልብ፣ ያለበትን ውለታ ሲናገር መላላት እንደሚጀምር አምናለሁ።

ከዚያ ወንድምሽ። «ራሱ ሊያውቀው ይገባል» ብለሽ ዝም ብለሻል። ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ ግን አላወቀም። ዝምታሽን ትዕግሥት አድርገሽ እንዳታዪው እለምንሻለሁ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ብሏል። ቁጭ ብለህ እስኪገባው ጠብቅ አላለም። ሰው ባለበት አይሁን፣ በሽማግሌም አይጀመር፤ ሁለታችሁ ብቻ። በስልክ ከሚሆን ፊት ለፊት ቢሆን ይሻላል፤ ለሙት ዓመቷ መምጣቱ አይቀርም። ንግግሩን አታርዝሚው፤ 9 ዓመቱን ሁሉ ለማስቆጠር አትሞክሪ። «ጋሼ፣ በተዝካሩ ቀን እህታችንን ስታመሰግን እኔ ጓዳ ነበርኩ። እርሷ የላከችው ገንዘብ መድኃኒት ገዝቷል፣ አመሰግናታለሁ። የእኔን ሳታነሣ መቅረትህ ግን ልቤን ሰብሮታል። ልነግርህ ስለሚገባ ነገርኩህ» ብትዪው ይበቃል። እህትሽን ከዚህ ነገር አውጪያት። እርሷም በባዕድ አገር ያላረፈችበት ሥራ ውጤት ነው የላከችው፤ የእናቷን እጅ ሳትይዝ ነው የቀረችው። አንቺ የያዝሽውን እጅ እርሷ አልያዘችም።

ወንድምሽ ይቅርታ ሊልሽ ይችላል። ላይልሽም ይችላል። የሚመልስልሽን ቃል ለሰላምሽ ቅድመ ሁኔታ አታድርጊው። የምትናገሪው እውነቱ በሁለታችሁ መካከል እንዲቀመጥ፣ አንቺም ብቻሽን ተሸክመሽው እንዳትዞሪ ነው።

የቤቱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እባክሽ ከዚህ ጋር አታደባልቂው። ክርስቲያን ነኝ ብለሽ ድርሻሽን በዝምታ እንድትለቂ አልመክርሽም፤ በብስጭት ሙግት እንድትከፍቺም እንዲሁ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሟች ልጆችን በእኩል ድርሻ ወራሾች ያደርጋል። ኑዛዜ ከሌለ አራታችሁም እኩል ናችሁ፤ ወንድምሽ ታላቅ ነኝ ብሎ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም፣ አንቺም ስላስታመምሽ ብቻ ሙሉ ቤቱ የአንቺ ነው ማለት አትችዪም። በዚህ መካከል ግን ሽማግሌ ብዙ ሊሠራ ይችላል። የንስሐ አባትሽን፣ ከቅሬያችሁ (ከዕድራችሁ) ሁለት ሦስት አስተዋይ አባቶችን ለምኚ። ድርሻቸውን ቀስ እያልሽ እንድትከፍዪ፣ ወይም ልጅሽ ትምህርቷን እስክትጨርስ ሽያጩ እንዲቆይ መጠየቅ ትችያለሽ። እናትሽን ያየ ሽማግሌ ያንን 9 ዓመት ከአንቺ በተሻለ ይናገርልሻል። ካልሆነም የሕግ ባለሙያ ማማከርና ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት አይደለም። አመስጋኝ ሰው መብቱን የማይጠይቅ ሰው ነው ያለን የለም።

ስለ ጸሎትሽ ብዙ አላዝሽም። ከባድ ሥርዓት አውጥተሽ በሳምንቱ እንዳትተዪው እሰጋለሁ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ። ማታ 102ኛውን መዝሙር በይ፤ «ነፍሴ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ባርኪ» የሚለውን። ዳዊት እዚያ ላይ ለገዛ ነፍሱ ነው የሚናገረው፤ አልነሣ ያለች ነፍስ እንደምትቀሰቀስ ያውቅ ስለነበር ነው። እሑድ ደግሞ ኪዳን ሳያልቅ ድረሺ፣ ጸሎተ አኮቴቱ እንዳያመልጥሽ። ያቺን አንዲት ጸሎት ብቻ በሙሉ ልብሽ አዳምጪ፤ የቀረውን ቅዳሴ እንደ አቅምሽ ቁሚ።

ግሸንን በተመለከተ፣ ዘንድሮ ባለመሄድሽ አትጨነቂ። ለመጪው መስከረም ግን ልጅሽን ይዘሽ ለመውጣት አስቢ። ከጉዞው በፊት ዘጸአት ምዕራፍ 15ን አብራችሁ አንብቡ። እስራኤል ሦስት ቀን በምድረ በዳ ተጉዘው ያገኙት ውኃ መራራ ነበር። እግዚአብሔር ለሙሴ እንጨት አሳየው፤ ወደ ውኃው ቢጥለው ጣፈጠ። አባቶቻችን ያንን እንጨት የመስቀሉ ምሳሌ ነው ይላሉ። ውኃው በሌላ ምንጭ አልተተካም፤ ያው መራራ የነበረው ውኃ ጣፍጦ ነው የተጠጣው። አምባሰል ላይ ያለችው ያቺ አምባ የመስቀል ቅርጽ ያላት፣ «መስቀሌን በመስቀል ላይ አስቀምጥ» ተብሎ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደተነገረው ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ናት። ልጅሽ ዳገቱን ስትወጣ የምትጠይቅሽ ብዙ ይኖራታል። መልሺላት።

ወደ መዘምራኑ ለመመለስ አትቸኩዪ። ለጊዜው ከሕዝቡ መካከል ቆመሽ ተሰጥኦውን ተቀበዪ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ግን ደውለሽ ለምን እንደቀረሽ በአጭሩ ንገሪው። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ «ቤትሽ መጥተን እንዘምርልሽ» ቢልሽ እምቢ አትበዪ።